የድንጋዩ ቤት ለአራት ሰው

ታኅሣሥ 3 ቀን 1981፣ ሰኞ

ዕጣው ወጣልን። በሠራተኛው ክበብ ግድግዳ ላይ ፎቶው ተሰቅሎ ዝንብ ሲጫወትበት የኖረው የድንጋይ ቪላ ከየካቲት 4 እስከ 11 የእኛ ነው። ከቱሉ ቦሎ አለፍ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል አሉ። ጣሊያን ሠራው፣ ከዚያ የአንድ ፊታውራሪ ሆነ፣ ከትርፍ ቤት አዋጁ ወዲህ የመንግሥት፣ በኋላም የፋብሪካችን የዕረፍት ቤት። አሁን ደግሞ ለሰባት ቀን የታይፒስቷ የአሰገደች ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕጣ ስጥል ኖሬ ሲቀናኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ለመኩሪያ ስነግረው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ካርታ ማውጣት ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ያገባች ሴት መንገድ አይጠፋትም፤ እራቷን ግን በሰዓቱ አትበላም። ትንሿ ልጃችን ውዳሴ ዐሥር ዓመት ሞላኝ ብላ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ «የመታጠቢያ ገንዳ አለው?» ብላ ጠየቀች። ታላቅ ወንድሟ ቸኮል ከአባቱ ትከሻ በላይ ካርታውን አየ።

ቤቱን የሚጠብቀው ሮበሌ የሚባል ሰው ነው። ንብረት ክፍሉን ጠየቅሁት፤ ደግ ሰው ነው፣ ወደ ወንጪ ተራራ ዘመዱ ብዙ ነው አለኝ። ዘመዱን ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ። ቤተሰብ ማረፍ አለበት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

የቀበሌው ስብሰባ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደገፋ ጉሮሮው እስኪደርቅ ስለ እናት አገር ጥሪ ተናገረ። ድሮ መካኒሳ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመኩሪያን የሠርግ ሱሪ ያጠበበው እሱ ነው። አሁን ሲናገር ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ወንድ በሙሉ ይጣራል፣ አዲስ ዝርዝር ይወጣል አለ።

ከኋላዬ አንዷ «የአሰገደች ልጅ እኮ አባቱን በቁመት አለፈ» ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ «ቁመቱ የአጎቶቹ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው» አልኳት። ዕድሜውን የጠየቀኝ አልነበረም።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

የቪላውን ቅጽ ራሴ ጻፍኩት። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ዝምድና። ከግል ማኅደሬ አንድ በአንድ ቀዳሁ፤ ከማኅደር መቀዳት አለበት፣ ደንብ ነው። አንድም ፊደል አልሰረዝኩም። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ስርዝ ድልዝ የሌለው ወረቀት የምታወጣ አንዲት ሰው ብትኖር እኔ ነኝ፤ ይህን የማይወዱኝም ያውቁታል።

ግርጌው ላይ እንደ ወጉ «ግልባጭ፦ ለምንኖርበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት» አልኩበት። ያዘዘኝ የለም። የይለፍ ወረቀት የሚሰጠን ቀበሌ ስለሆነ ቀድሞ ቢያውቀው ብዬ ነው። ደግሞስ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ቀሚስ ለብሶ ነጠላ እንደ መርሳት ነው።

መላላኪያው ከሰዓት በኋላ ወሰደው።

ታኅሣሥ 15፣ ቅዳሜ

በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ። ሴቶቹ ስለ ቪላው ጠየቁኝ፤ እኔም ነገርኳቸው። የግድግዳውን ውፍረት፣ የሳሎኑን ምድጃ፣ በረንዳውን ሁሉ። ያላየሁትን ቤት እንዲህ አሳምሬ መናገር መቻሌን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ሐሚዳ ከፊቴ ቆማ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። ልጇን ሸምሱን በጥቅምት ከመካኒሳ አውቶቡስ ማቆሚያ አፍሰው ወሰዱት። ደብተሩን አንድ ሰው አንስቶ አመጣላት፤ ስለ ልጁ ግን እስካሁን ወሬ የለም። ያን ሰሞን አቤቱታ ጻፊልኝ ብላኝ «ነገ» ብያታለሁ። ያ ነገ ይኸው ሁለት ወሩ።

«ሰው መንገድ ሲሄድ ለጎረቤቱ ይነግራል» አለችኝ ሳትዞር። «አንቺ ለሰልፉ ሁሉ ነገርሽ።»

ደኅና ሁኚ እንኳ ሳልላት መጣሁ። ምን ማለቷ ነው? ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ምን ይደብቃል?

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ፣ ቢሮ

የቅጹን ቀሪ ቅጂ ማኅደሬ ውስጥ ሳስገባ አየሁት።

ቸኮል መኩሪያ። 1963።

ማኅደሬ ላይ 1963 ነው። ቀበሌ ግን 1965 ነው። ቀድቼ፣ በንጽሕና ጽፌ፣ ግልባጭ ብዬ በእጄ ላኩላቸው።

መላላኪያውን ጠየቅሁት። «ያኔውኑ አድርሻለሁ፣ ፈርመው ተቀብለዋል» አለኝ። ጎበዝ፣ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ታኅሣሥ 21፣ ዓርብ፣ ሌሊት

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ካልጻፍኩት ደረቴ ላይ ይቀመጣል።

የውትድርናው አዋጅ በወጣ ሰሞን፣ በ1976 ቀበሌ ቤተሰብ ሲመዘግብ፣ ልጄ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አጭርና ቀጭን። መዝጋቢው ቀና ሳይል «የትውልድ ዘመን?» ሲለኝ «1965» አልኩ። ሁለት ዓመት። ሰው ከሱቅ ስኳር ቢሰርቅ ያፍራል፤ እኔ ከመንግሥት መዝገብ ሁለት ዓመት ሰርቄ አላፈርኩም፤ ዛሬም አላፍርም። የፋብሪካው ማኅደር ግን ከዚያ በፊት የተሞላ ነው፤ ለሕክምና የሚያገለግል። እዚያ ላይ እውነቱ ተኝቷል። ቅጹን ስጽፍ እጄ ያየውን ቀዳ። አሳቤ ከመኝታ ቤቱና ከምድጃው ጋር ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ጣቴን ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አታስቢ፣ ቅጂ።

ለመኩሪያ ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬሽ ነበር» አለ። ከእንጨት ላይ እንደሚነቀል ምስማር ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ተነሥቶ የቸኮልን ክፍል በር በዝግታ ዘጋው።

አዎ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዐሥራ ስድስት እያልኩ ስጽፍ ማንን ላታልል ነው?

ታኅሣሥ 25፣ ማክሰኞ

የመብራት ካርኒ ጠፋኝ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ቁልል። ዓይኔን ብልክ የእኔ ወረቀት አይታይም። ደገፋ የለም። ዘበኛው ለአንዱ ሲያወራ፦ «ዝርዝሩ ከጥምቀት በኋላ ነው የሚለጠፈው። አፈሳው የካቲት መጀመሪያ።»

ካርኒው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮው ተሠራ፣ ተበላ። መኩሪያ ቀለደ፣ ማንም አልሳቀም። ውዳሴ ብቻ ቪላው ውስጥ የት እንደምትተኛ ስትደለድል ዋለች፤ አራቱንም አልጋ አከፋፈለችን።

ቸኮል ሳህን ሊያነሣ ወደ ጓዳ ተከትሎኝ መጣ።

«እማዬ፣ ከድንጋዩ ቤት እኔም እመለሳለሁ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሰባት ቀን ነው የተፈቀደው።»

«እሺ» አለ። ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እኔ እሱን ስስም መንጠራራት ከጀመርኩ ቆየሁ። የሮበሌን ዘመዶች ለማን ነግሬያለሁ? ለማንም።

ጥር 3፣ ረቡዕ

የቀበሌው ዘበኛ ደጃፌ መጣ። ጓድ ደገፋ ነገ በዐሥር ሰዓት ይፈልግሻል። ለብቻሽ።

ጥር 4፣ ሐሙስ

አሁን ነው የገባሁት። እንደተባለው ልጻፈው።

ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። በሩን ራሱ ዘጋ። ግልባጩን ከመሳቢያው አወጣው። የሌላው ሰው ወረቀት በፋይል ነው የሚቀመጠው፤ የእኔ በመሳቢያ።

«ጓድ አሰገደች፣ መኪናሽ ተሳስታለች መሰለኝ።»

«የእኔ የጽሕፈት መኪና አትሳሳትም» አልኩት።

ከአፌ ወጣ። ልጄ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ እኔ ለሞያዬ ክብር እሟገታለሁ። አይ አሰገደች።

ደገፋ ጠበቀኝ። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰው ወገብ ሲለካ ሰውዬው እስኪተነፍስ መጠበቅ ያውቅበታል።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ በመጨረሻ። እንዲህ ያለ ቃል በወረቀት ጉዳይ ተናግሬ አላውቅም።

«1965 ለማለት ነው?»

«1965 ለማለት ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ቀርቶ ሌላ ሰው መጣ። «ነጋን ታውቂዋለሽ» አለኝ። ልጁ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። «ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት የእሱን ስም ነው። የራሱን ልጅ አስቀርቶ የሰው ልጅ የሚጽፍ ሊቀመንበር አንድ ሳምንት አያድርም። እናቱ ገዲሴ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም።»

«አዝናለሁ» አልኩ። እንግዲህ የሰውን ልጅ ሁሉ ለሚሰድ ሰው አዘንኩ ማለት ነው።

«ቤቱ ስንት ሰው ይይዛል?»

«አራት። ቁጥሩን ለመለወጥ የዕረፍት ቤቱ ኮሚቴ እንደገና መሰብሰብ አለበት።»

«ስም ግን እኔ ማስተካከል እችላለሁ። የነዋሪውን ስም የሚያረጋግጠው ቀበሌ ነው» አለ። «አንድ የወንድም ልጅ ቢኖራችሁ።»

አላስፈራራኝም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ወረቀቱን ግን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ጥር 7፣ እሑድ

አራት ነን። ነጋ ከገባ አንድ ሰው ይቀራል።

መኩሪያ «እኔ እቀራለሁ» አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከዚያ ቁጭ ብለን አሰብነው። ውዳሴ ትቅር እንዳንል ያለ ትንሽ ልጅ የቤተሰብ ዕረፍት ማን ያምናል? ሁለት ጎረምሳ አስከትላ ኬላ የምትደርስ ሴት ትጠየቃለች፤ መነጽሩን ያደረገ አስተማሪ በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዞ ሲሄድ ግን ማን ልብ ይለዋል? ደግሞ በአፈሳው ሳምንት ቤቱ ተዘግቶ ቢገኝ በሩን ይሰብሩታል። አንድ ሰው በር ከፍቶ «ማንም የለም፣ ይኸው ወረቀቱ» ማለት አለበት።

ስለዚህ እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው።

እውነቱን ልናገር? አለቀስኩ። ስለ ልጄ ብቻ አይደለም። ቤቱን ማየት ፈልጌ ነበር። በረንዳው ላይ የምለብሰውን ሹራብ እንኳ መርጫለሁ። ልጇ በእሳት መካከል ሆኖ ስለ በረንዳ የምታለቅስ እናት ምን ዓይነት እናት ናት?

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ቢሮ ሁሉም ከወጣ በኋላ አዲሱን የስም ዝርዝር ጻፍኩ። መኩሪያ። ቸኮል፣ 1965። ውዳሴ። ነጋ፣ የወንድም ልጅ፣ 1966። ዐሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው፤ ጺሙን ተላጭቶ ቢሄድ ይሻለዋል።

ያለ ስርዝ ድልዝ። ቀበሌ ወስጄለት ደገፋ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። አሮጌውን ግልባጭ ሰጠኝ፤ ቤት ወስጄ ከሰል ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 22፣ ሰኞ

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ቸኮል የለም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የለም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነጋ ደገፋ አለ። ሰው ሁሉ «የራሱንም ጻፈ፣ እውነተኛ ሰው ነው» ይላል። የሰፈራችን ልጆች ስም እስከ ግርጌው ድረስ ወርዷል። ብዙዎቹን በእቅፍ ሳሉ አውቃቸዋለሁ።

የካቲት 4፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሄዱ። ነጋ ጎፋ መታጠፊያ ላይ ጠበቃቸው፣ አብሯቸው ተሳፈረ። ውዳሴ «ሥራሽን ለምን ለሌላ ሰው አትሰጪም?» ብላ አኩርፋኛለች። ቸኮል አቀፈኝ። ሹራቤን በሻንጣው ውስጥ አድርጌለታለሁ፤ የሴት ሹራብ ነው ብሎ እንዳይጥለው ሰግቻለሁ።

የካቲት 5፣ እሑድ

ስብሰባ። ደገፋ ተነሣና «ልጄ ነጋ የእናት አገሩን ጥሪ ረግጦ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ከሃዲ ነው። ያየው ሰው እንዲጠቁም፣ የደበቀው ሰው እንዲጠየቅ» አለ። ድምፁ አልተሰበረም። ገዲሴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። አጨብጭቡ የተባለ ይመስል አንዱ አጨበጨበ፤ ሁሉም ተከተለ። እሷም አጨበጨበች። እኔም።

የካቲት 7፣ ማክሰኞ

መጡ። ገና ጎሕ ሲቀድ። አራት ታጣቂና ደገፋ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ ጣሪያው ድረስ አዩ።

«ልጅሽስ?» አለኝ አንዱ፤ የሰፈራችን ሰው አይደለም።

«ከአባቱ ጋር ዕረፍት። ይኸው የይለፍ ወረቀቱ፤ ግልባጩ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«አንቺስ ለምን ቀረሽ?»

«ሥራ» አልኩ። «ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። ወረቀት አያልቅም።»

ደገፋ ወረቀቱን ተቀብሎ እንደማያውቀው ሰው ከላይ እስከ ታች አነበበው። ነጋ የሚለው ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። «የተጣራ ነው፣ እንሂድ» አለ። ከሐሚዳ ቀጥሎ ያለው ቤት በር ሲሰበር ሰማሁ። አልወጣሁም።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ሐሚዳን ጠራኋት፤ ገባች። አቤቱታውን ጻፍኩላት። ሸምሱ መሐሙድ፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ። ዕድሜውን ስጠይቃት «ዐሥራ ሰባት። እውነተኛው ነው፤ መዋሸት እንደሚቻል የነገረኝ አልነበረም» አለች። ጣቴ ፊደሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩት። ግልባጭ ለሦስት መሥሪያ ቤት፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ካርቦን። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ቪላው ጥሩ ነው አሉ?» አለችኝ። ታውቃለች። ለማንም አትናገርም። ይህ ነው የባሰብኝ።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

መኩሪያና ውዳሴ ተመለሱ። ሁለቱ ብቻ።

ውዳሴ ወሬዋን አላቆመችም። የመስኮቱ ደፍ ላይ መተኛት ይቻላል፣ ግድግዳው ይኸን ያህል ወፍራም ነው። የመታጠቢያ ገንዳው እግር አለው፤ ውኃ ግን የለውም። ይበርዳል። ቸኮልና ነጋ ከሮበሌ ዘመዶች ጋር ገብስ ሊያጭዱ ሄደዋል፣ በኋላ ይመጣሉ። አባቷ እንዲህ እንድትል አስተምሯታል፤ አሳምራ ትለዋለች።

ከተኛች በኋላ መኩሪያ ነገረኝ። ልጆቹን ወደ ተራራው ዘመዶቹ እንዲያደርስለት ለምኖት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሮበሌ ሁለት በቅሎ ይዞ መጣ። ስለ ምንም አልጠየቀም። ቸኮል በቅሎ ላይ ሲወጣ ሹራቤን ለብሶ ነበር። ኬላው ላይ ሲሄዱ ወታደሩ ሰውን ብቻ ቆጠረ፣ «ጽሑፉ ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰላቸው፤ ዕድሜውን አላየም። ሲመለሱ ያስቆማቸው አልነበረም።

«መቼ እናየዋለን?» አልኩት።

መኩሪያ ካርታውን አጣጥፎ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ኋላ አስገባው።

የካቲት 13፣ ሰኞ

የሠራተኛ ማኅበሩ የቪላውን የርክክብ ቅጽ አምጪ አለኝ። ሮበሌ በጣት አሻራው ፈርሞ ልኮታል፤ ስምንት ብርድ ልብስ ተረክቤያለሁ ብሎ። ሁለቱ ተራራ ላይ ናቸው። ከእኛ አልጋ ላይ ሁለት አንሥቼ በሚቀጥለው ባለ ዕጣ እልካለሁ።

ቀሪውን እኔ ሞላሁት።

የገቡ ሰዎች ብዛት፦ አራት።

የወጡ ሰዎች ብዛት፦ አራት።

የጎደለ ነገር ካለ ይገለጽ፦ የለም።

አንድም ፊደል አልሰረዝኩም። ግርጌው ላይ ስደርስ ጣቴ እንደ ልማዱ ወደ «ግ» ሄዶ ነበር። መለስኩት፣ ወረቀቱንም ከመኪናው አወጣሁት።